ለሳቅ ሁለት ጣት

ከፓሪስ ጥግ ባለችው ሌቫሉዋ ውስጥ፣ ከሴን ወንዝ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ በሚገኘው፣ ካሮሰሪ በሚባለው የሙሴ (የአቶ) ቴርናስ የመኪና አካል መሥሪያ ቤት አንድ ጥቁር ግድግዳ ነበር። ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቁር ተቀብቷል፤ ርዝመቱ ሁለት አውቶሞቢል ፊትና ኋላ ቢቆምበት ይበቃል። በዚያ ቤት የሚሠራ የመኪና አካል ሁሉ መጀመሪያ የሚወለደው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው፤ በእውነተኛ ልኩ፣ በጠመኔ። ከጎን የሚታየው በነጭ፣ ከላይ የሚታየው በቀይ፣ ከኋላ የሚታየው በሰማያዊ፣ ሦስቱም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይሣላል። ለማያውቅ ሰው ድመት የተጫወተችበት የክር ልቃቂት ይመስላል። ለሚያውቅ ግን በሩም፣ ወንበሩም፣ የጣሪያው ጉብታም ቁልጭ ብሎ ይታያል። አናጢዎቹ ልካቸውን የሚወስዱት ከዚያ ነው። መኪናው ተጠናቆ ከግቢ በወጣ ማግስት ግድግዳው በውሃ ይታጠብና ሌላ ይሣልበታል። ወረቀት ላይ የሚቀር ነገር የለም።

በዚህ ግድግዳ ላይ ጠመኔ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፊርማን ላባት። ዕድሜው ሃምሳ አንድ፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ንግግሩም እንደ ቁመቱ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ የፈረስ ሠረገላ ከሚሠሩ አናጢዎች ዘንድ ገብቶ በዚያው አረጀ። አውቶሞቢል ሲመጣ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ፈረሱ ገና ከፊት ያለ ይመስል የድሮውን ሠረገላ ሞተር ላይ ጭነው «ይኸው» ይሉ ነበር። ፊርማን ግን አውቶሞቢል የራሱ ቅርጽ እንደሚፈልግ ቶሎ ገባው። ይልቁንም በጣሪያ ስሙ ወጣ። በሠፈሩ ያሉ ካሮሰሪ ቤቶች ሁሉ «የፊርማን ጣሪያ» ሲባል ያውቁታል።

ጣሪያ ቀላል ነገር አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት የሴቶች ባርኔጣ በየጸደዩ ይለዋወጣል፤ አንድ ዓመት ወደ ጎን ይሰፋል፣ ሌላ ዓመት የሰጎን ላባ ተሸክሞ ወደ ሰማይ ያድጋል። አንድ ዝግ መኪና ለመሥራት አራት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ጣሪያ የሚሥል ሰው ገና በማንም ራስ ላይ ያልዋለን ባርኔጣ ቁመት ማወቅ አለበት። ሌሎች ቤቶች የሠሯቸው መኪኖች ውስጥ ሴቶች አንገታቸውን ሰብረው፣ አንዳንዴም ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ታቅፈው ይሄዱ ነበር። በፊርማን መኪና ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ላባ ጣሪያ ነክታ አታውቅም። ሰዎች ዓይኑ ነው ይላሉ። እሱም አያርማቸውም።

ዓይኑ አልነበረም። ሚስቱ ዜሊ ነበረች።

ዜሊ ከሴንት ዴኒ መንገድ በስተጀርባ በሚገኝ የላባ ቤት ትሠራ ነበር። ላባውን በእንፋሎት ማፍታታት፣ በቢላ ጀርባ መጠቅለል፣ ሁለት ላባ አንድ አድርጎ መስፋት ሥራዋ ነው። የከርሞው ባርኔጣ ስንት ላባ፣ ምን ያህል ርዝመት እንደሚፈልግ ከማንም ቀድሞ የሚሰማው በእነሱ ቤት ነው። በየዓመቱ በቅድስት ካትሪን ዕለት፣ ይኸውም የባርኔጣና የላባ ሠራተኞች በዓል በሚውልበት በኖቬምበር መጨረሻ፣ የጸደዩ ትእዛዝ ተቆርጦ ይታወቃል። ያን ማታ ዜሊ አንድ ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በኪሷ ይዛ ትመጣለች። ርዝመቱ ከሴት አናት እስከ ባርኔጣው ጫፍ ድረስ ነው።

«ዘንድሮ ስንት ነው?» ይላታል ፊርማን፣ በሩን ሳትዘጋ።

«መጀመሪያ ሾርባህን ጠጣ።»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር። በዚያ ላይ ሁለት ጣት ጨምር።»

«ሁለቱ ጣት ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ለሳቅ ነዋ! ሰው ሲስቅ አንገቱን ቀና ያደርጋል። አንተን ራሱ በዓመት አንዴ ስትስቅ አይቼሃለሁ፤ በዚያን ቀን ጣሪያ ቢመታህ ደስ ይልሃል?»

ጥብጣቡን ፊርማን ከግድግዳው ጎን ባለች ሚስማር ላይ ይሰቅላል። አናጢዎቹ የመጠቅለያ ወረቀት ይመስላቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ፊርማን ራሱ ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል፤ የላባ ቤት ምሥጢር ነውና ቢታወቅ ዜሊን ከሥራ ያስወጣታል።

እ.ኤ.አ. በ1909 የቅድስት ካትሪን ዕለት ዜሊ ቤት የገባችው እየተንቀጠቀጠች ነው። ጎኗን ያዛት። ፊርማን ስለ ጥብጣቡ አልጠየቀም። እሷም አላነሳችም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተች። የሳንባ ምች ነው አሉ።

የተቀበረችው ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ፊርማን በግራ እጅጌው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰፍቶ ሥራ ገባ። ጠመኔውን አንሥቶ የተጀመረውን መስመር ቀጠለ። እንባም አልመጣለትም። ሰዎች «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» አሉ። የቻለው ነገር አልነበረም፤ ምንም አልተሰማውም። እሑድ እሑድ የግድግዳውን ሰዓት ይሞላል። ዳቦውን ቆሞ ይበላል። ቀኑ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ቀኖቹ የሌላ ሰው ይመስሉታል።

በጃንዋሪ ወንዙ ሞላ። ውሃው በመንገዱ እየተሳበ መጥቶ ደረጃቸውን ሲነካ ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ላይ ይሮጣል። የሕንጻው በር ጠባቂ ማዳም ሮቲዬ በሩን ደበደበችው።

«ሙሴ ላባት! ውሃ እኮ ነው!»

«አያለሁ።»

«አያለሁ ይላሉ እንዴ! ምን ሊያደርጉ አስበዋል?»

ፊርማን ወንበሮቹን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለና አልጋው ላይ ተቀመጠ። ውሃው የመጀመሪያውን ፎቅ ሳይነካ ተመለሰ። ወንበሮቹን አወረደ። ከዚያ ወር የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

በዚሁ መካከል ከላባ ቤት ሁለት ጊዜ ብጣሽ ወረቀት ተልኮለታል። የላከችው ከዜሊ አጠገብ ሃያ ዓመት የተቀመጠች አርማንስ የምትባል ሴት ናት። «የዜሊ ዕቃ መሳቢያዋ ውስጥ ነው። መጥተህ ውሰድ።» ፊርማን ሁለቱንም ወረቀት ከሰዓቱ ሥር አስቀመጣቸው። አልሄደም።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ማዳም ኦዲፍሬ ለመለካት መጡ። የስኳር ነጋዴ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረው፣ አርባ ዓመት ያልሞላቸው ሴት ናቸው። በጥቁር ተሸፍነዋል። ባርኔጣቸው የሐዘን ነው፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ራስ ላይ ልጥፍ ያለ፣ ዓይነ ርግቡ ወደ ኋላ የተጣለ። ፊርማን ከፍ ዝቅ በሚለው የእንጨት መለኪያ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«ባርኔጣዬን ላውልቅ?»

«አያስፈልግም ማዳም። የምንለካው ከነባርኔጣው ነው።»

ጉልበታቸውን ለካ። ክንዳቸውን ለካ። ዘንጉን ከአናታቸው በላይ ሲያስጠጋ ሴትየዋ እጅጌው ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ አዩ።

«እርስዎም?»

«አዎ፣ ማዳም።»

«ሚስትዎን?»

«አዎ።»

«ያልፋል ይላሉ» አሉ ሴትየዋ።

ፊርማን ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ጻፈው። ሴትየዋም ከሥሩ ፈረሙ። ሚስማሩ ባዶ ነበር፤ ፊርማንም አየው፤ ባዶ መሆኑ ምንም አላለውም። ሁለቱን ጣትም አልጨመረም። ረስቶት አይደለም። ትዝ ብሎት «ለማን?» ብሎ ነው የተወው።

ሐዘን በዚያ አገር ቀጠሮ እንዳለው ማንኛዋም የፓሪስ ሴት ታውቃለች። መጀመሪያ ጥቁር ሻሽ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሐር፣ ቀጥሎ ግራጫና ወይን ጠጅ፣ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው። የላባ ቤት ኑሮው ግማሹ በዚህ ቆጠራ ነው፤ ማን መቼ ከጥቁር እንደምትወጣ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ዜሊ ብትኖር ኖሮ «መኪናው የሚወጣው በጁን አይደለም? በጁን እሷ ጥቁር ለብሳ አትገኝም» ትለው ነበር። ፊርማን ግን ያቺን ትንሽ ባርኔጣ ሲያይ የሴትየዋ ራስ ቅርጽ ሆና ታየችው። ትወልቃለች ብሎ አላሰበም።

ሙሴ ቴርናስ ግድግዳው ፊት ቆመው ጢማቸውን ጎተቱ።

«ዝቅ አላለም?»

«ልኩ ነው።»

«ደስ ይላል እንጂ! ቆሞ እንኳ የሚሮጥ ይመስላል። አንተ ካልክ አልከራከርም፤ ፊርማን በጣሪያ አይሳሳትም።»

ግንባታው እንደ ሁልጊዜው ሄደ። ቋሚዎቹ ተጠረቡ፣ ቆርቆሮው ተለበጠ፣ ቀለሙ ተጀመረ። ቀለም ቀቢው ባዚል የሚባል ምላሰኛ ነው። አሥራ ስምንት እጅ ቀለም ይቀባል፤ በየመሐሉ በውሃና በድንጋይ ይፈገፍጋል፤ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን አርሶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ማንም እንዳይገባ በሩን ቆልፎ ይሠራል። በጁን መጀመሪያ መኪናው ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ፣ በጎኑ የፀጉር ያህል ቀጭን ነጭ መስመር ተሰምሮበት ወጣ። ባዚል በሸማ እያሻሸው «መላጨት የፈለገ እዚህ ፊት ይቁም» ይል ነበር።

ማዳም ኦዲፍሬ በሐሙስ ቀን መጡ። ግራጫ ቀሚስ ለብሰዋል። ራሳቸው ላይ እንደ ትሪ የሰፋ፣ ሁለት የሰጎን ላባ የቆመበት ወይን ጠጅ ባርኔጣ አለ። ሙሴ ቴርናስ በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ሴትየዋ እግራቸውን አነሡ፤ ላባው የበሩን ጫፍ መታና ባርኔጣው ወደ ጆሯቸው ዞረ። ወደ ኋላ ተመለሱ። በጎን ሞከሩ። ጎንበስ ብለው ገቡና ተቀመጡ፤ ላባዎቹ ጣሪያው ላይ ታጥፈው ፊታቸው ላይ ወረዱ።

አናጢዎቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ባዚል ብቻ በለሆሳስ «ዶሮ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ አይታችኋል?» አለ።

ማዳም ኦዲፍሬ አልተቆጡም፤ ተስተካክለው ወረዱ።

«ሙሴ ቴርናስ፣ እንዲህ ሆኜ አልሄድም።»

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ ማዳም። ይህን ባርኔጣ አሁኑኑ ለክተን—»

«ይህ እኮ ትንሹ ነው። ትልቁ ባሕር ዳር ለምሄድበት እየተሠራልኝ ነው። ምን ያህል እንደሚሆን የባርኔጣ ሠሪዋ ነፍሷ ብትወጣ አትናገርም። በጁላይ አሥራ አምስት እሄዳለሁ። ከቻላችሁ፣ መልካም። ካልቻላችሁ የገዛሁትን ሻንሲ ለሌላ ቤት እሰጣለሁ።»

ሴትየዋ ሲወጡ ሙሴ ቴርናስ ወደ ፊርማን ዞሩ። የመለኪያ ወረቀቱን ይዘዋል።

«አሥራ ስድስት። በሐዘን ቆብ ነው የለካሃት?»

«አዎ።»

«አንተ ሰው! አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን ጥቁር ለብሳ ትኖራለች?»

ፊርማን ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ቁጥር አየ። የተጠየቀው ነገር እውነት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው፤ እንደዚያ ነበር ያሰበው።

«አሥራ ሁለት ዓመት አምኜሃለሁ» አሉ ሙሴ ቴርናስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እስከ ማክሰኞ ስንት እንደምናነሣ ንገረኝ። ብናሳንስ ሴትየዋ ትሄዳለች፤ ብናበዛ የሠርግ ድንኳን ይሆናል። እንደገና ብትሳሳት ጠመኔውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንተ ወደ መጋዝህ ትመለሳለህ። ይቅር በለኝ፣ ግን እንደዚያ ነው።»

ፊርማን ራሱን ነቀነቀ። መጋዙ አላስፈራውም። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ ጣሪያው የዜሊ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልነካ ላባ ዘንድሮ ከነካ የተሳሳተችው እሷ ትመስላለች። ማንም ባያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጁን ታጥቦ በእግሩ ወደ ከተማ ገባ። ወደ ላባ ቤቱ አራት ፎቅ ወጣ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ሃያ ያህል ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ድስቱ ላይ እንፋሎት እየተነሣ፣ የላባ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ ነጭ ሆኖ ያወራሉ። አንዷ ቀና አለች።

«የዜሊ ባል መጣ!»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። አርማንስ ተነሣች። ወፍራም፣ ቀይ ፊት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት።

«መንገዱ ጠፍቶብህ ነው? ከሌቫሉዋ እዚህ ድረስ ስድስት ወር ይፈጃል?»

«ሥራ ነበረብኝ።»

«ሥራ! እኛ እዚህ ካርታ ስንጫወት ነው የከረምነው። ተቀመጥ። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? አንቺ፣ ያን ወይን ቅጂለት።»

«አልጠማኝም።»

«ማን ጠማህ ብሎ ጠየቀህ? ጠጣ።»

ጠጣ። ከዚያ ምን ሊጠይቅ እንደመጣ ነገራት። ስለ ግራጫው ቀሚስ፣ ስለ ላባው፣ ስለ ባርኔጣ ሠሪዋ ዝምታ፣ እስከ ማክሰኞ ስለተሰጠው ቀን። አርማንስ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ልክ ልትጠይቅ ነው የመጣኸው? ዕቃዋን ልትወስድ አይደለም?»

«ሁለቱንም።»

«ያው ነው» አለችና ሄዳ መሳቢያውን ከነእንጨቱ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው።

ፊርማን ያለውን አንድ በአንድ አየ። ሰማያዊ ሽርጥ፣ ተጣጥፎ። ጫፉ የተሰበረ መቀስ። የጥርስ ሳሙና ቆርቆሮ፣ ውስጡ መርፌ። ግማሽ የቸኮሌት ቁራጭ፣ ነጭ የሆነ። ከሁሉ ሥር፣ በክብ የተጠቀለለ የወረቀት ጥብጣብ። ጫፉ ላይ በዜሊ እጅ፣ በእርሳስ፣ «1910» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «27»። ከሥሩ «+ 2 ጣት»።

«የዚያን ዕለት ነው የቆረጠችው» አለች አርማንስ። «ትኩሳት ይዟት ነበር። 'ነገ እወስድለታለሁ፣ ዛሬ ከጠፋብኝ ይገድለኛል' ብላ እየሳቀች አስቀመጠችው። ሁለት ጊዜ ላኩብህ እኮ።»

«ደርሶኛል።»

«እና?»

«ሰዓቱ ሥር አስቀመጥኩት።»

አርማንስ መሳቢያውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። ፊርማን ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። በኪሱ ባለው መለኪያ ለካው። ሃያ ሰባት ነው፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። መኪናው ገና ግድግዳው ላይ ሳይሣል ልኩ እዚህ ነበር። እሱ ባዶውን ሚስማር ሲያይ ልኩ እዚህ ነበር። ይህን እንደ ሂሳብ አሰበው፤ አንዱን ቀን ከአንዱ ቀን በኋላ እያስቀመጠ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይነሣል ብሎ ጠበቀ። አልተነሣም።

«ለትልቁ የባሕር ዳር ባርኔጣም ይኸው ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከዚህ የሚበልጥ ላባ ከዚህ ቤት አልወጣም። ዜሊ ተሳስታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያስ ምን ትጠይቀኛለህ! ስማ፣ የከርሞውን ከፈለግህ በቅድስት ካትሪን ዕለት ና። ከእኛ ጋር ትበላለህ። እዚህ ወንበር ላይ። ካልመጣህ ግን ልክ የለም፤ ወረቀት ልኬ ሰዓትህን አልደግፍልህም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ፊርማን መሳቢያው ውስጥ ያለውን በሽርጡ ቋጥሮ ወረደ።

ማክሰኞን አልጠበቀም። ሰኞ ጥዋት ጥብጣቡን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። በእርጥብ ጨርቅ የድሮውን የጣሪያ መስመር አጠፋና አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለቱ ጣት ደግሞ አራት፣ በድምሩ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎ ሌላ ሣለ።

«አሥራ አምስት?» አሉ ሙሴ ቴርናስ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ቋሚዎቹን ቆርጠን እንቀጥላቸው?»

«የተቀጠለ ቋሚ በመንገድ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ስድስቱንም አዲስ እሠራለሁ። የበሮቹንም እንጨት።»

ባዚል ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን መሬት ላይ ወረወረ።

«አሥራ ስምንት እጅ! አሥራ ስምንት እጅ ቀብቼ! ይህን ሽማግሌ ማን ነው የለቀቀብኝ? ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን ጠጥቶ ይወድቃል፤ አንተ የእኔን ቀለም ትቆርጣለህ?»

«ከመስኮት በላይ ያለውን ብቻ ነው የምቆርጠው።»

«ብቻ ይለዋል! እናቴን፣ ብቻ ይለዋል!»

ፊርማን ራሱ የሣለውን፣ ራሱ የጠረበውን ጣሪያ በገዛ እጁ አነሣ። ስድስቱን ቋሚ በአሥር ቀን ሠራ። ሌሎቹ አናጢዎች ሊረዱት ሲመጡ አይከለክላቸውም፤ አይጠራቸውምም። ምሳ ሰዓት ላይ ባዚል አንድ ዳቦና ቋሊማ አጠገቡ እያስቀመጠ «ለአንተ አይደለም፣ ለቀለሜ ነው፤ ወድቀህ እንዳትቧጭረው» ይለዋል። ፊርማን ይበላል። ጣዕሙን አያውቀውም፤ ግን ይበላል። ባዚል በቀረው ጊዜ አሥራ ስምንቱን እጅ ማድረስ አልቻለም፤ አሥራ አንድ ቀባ። ልዩነቱን የሚያይ ሰው በመላው ፓሪስ ከባዚል በቀር አልነበረም። እሱም ለሁሉም ተናገረ።

በጁላይ አሥራ ሦስት ማዳም ኦዲፍሬ ከትልቁ ባርኔጣ ጋር መጡ። ባርኔጣው ነጭ ነው፤ ሦስት ላባ አለው። ባዚል «ይህስ የራሱ ሻንሲ ያስፈልገዋል» አለ፣ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ፤ ሁሉም ሰማው። ሴትየዋ እግራቸውን አነሡ፤ በሩ አሳለፋቸው። ተቀመጡ። ሙሴ ቴርናስ በበሩ ጎንበስ ብለው «እንዴት ነው ማዳም? ከባልደረባችን ቀልድ በቀር የሚጎዳ ነገር አለ?» አሏቸው።

ማዳም ኦዲፍሬ ሳቁ። ሲስቁ አንገታቸው ቀና አለ፣ ላባዎቹ ወደ ላይ ወጡ፣ ጣሪያውን ሳይነኩ ቆሙ።

ፊርማን በተከፈተው በር በኩል በላባውና በጣሪያው ጨርቅ መካከል ያለውን ክፍተት ሲያይ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ነበር። ሲስቁ ጠበበ፤ አልተዘጋም። አሁንም አንድ ነገር እንደሚሰማው ጠበቀ። ክፍተቱ ልክ መሆኑን ብቻ አወቀ።

መኪናው ከግቢ ሲወጣ ሙሴ ቴርናስ ትከሻውን ያዙት።

«እንዴት አወቅህ? ባርኔጣ ሠሪዋ እኮ ለራሷ ለደንበኛዋ አልነገረችም።»

«እኔ አይደለሁም። ዜሊ ናት የለካችው።»

«ዜሊ ማን ናት?»

«ሚስቴ። አሥራ ሁለቱንም ዓመት የለካችው እሷ ናት። እኔ የሣልኩት ብቻ ነው።»

ከሞተች ወዲህ ስሟን በአፉ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ወጣ። ሙሴ ቴርናስ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። ሊያጽናኑት የፈለጉ ይመስል እጃቸውን ካነሡ በኋላ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ታዲያ ለከርሞ ማን ሊነግርህ ነው?»

«በቅድስት ካትሪን ዕለት ምሳ ተጠርቻለሁ።»

ሙሴ ቴርናስ ነገሩ አልገባቸውም። ግን ጠመኔውን ለሌላ ሰው ስጥ አላሉትም።

በማግስቱ የአገሩ በዓል ስለነበር ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በነበረው የሥራ ቀን ፊርማን ባልዲ ውሃና ጨርቅ ይዞ ግድግዳውን አጠበ። ከታች ጀመረ፤ መንኮራኩሩን፣ መርገጫውን፣ ወንበሩን። ነጩና ቀዩ እየተቀላቀለ በወለሉ ላይ ፈሰሰ። የጣሪያው መስመር መጨረሻ ቀረ። እሱንም አጠበ፤ ያ ደንቡ ነው። ጥብጣቡን ከሚስማሩ አውርዶ የዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ ሊያቃጥለው ወደ ምድጃው ሄደ። ወራቱ ጁላይ ነው፤ ምድጃው አመዱ ከተጠረገ ሁለት ወር አልፎታል። ክብሪት ኪሱ ውስጥ አልነበረም። ጥብጣቡን ጠቀለለና ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ቀጣዩ ምንድን ነው?» ብሎ ባዚል ከቀለም ክፍሉ ጮኸ። «ድንኳን ነው ወይስ የዶሮ ቅርጫት?»

ፊርማን የትእዛዙን ወረቀት አነበበ። ለአንድ ወጣት የጨርቅ ነጋዴ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ መኪና ነበር።

«ክፍት ነው» አለ። «ጣሪያ የለውም።»

ነጩን ጠመኔ አነሣና ከመንኮራኩሩ ጀመረ።